እትየ ደብሬን ተራራ ያወጣቸው መጋረጃ

ለፎቶ ከተቀመጠ ሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ልክ እንደሆንኩ አድርገህ አንሳኝ» የምትል። አደራችሁን፣ እንዳታምኗት። እንዲህ ያላችሁን ሰው ልክ እንደሆነ አንስታችሁ ብትሰጡት ፎቶውን አንዴ፣ እናንተን አንዴ ያይና በጣም በተቆጠበ ድምፅ «እኔን አይመስልም» ይላችኋል። እኔን አይመስልም ማለት እኔን ይመስላል ማለት ነው፤ የተቀየመውም ለዚሁ ነው። የሚመስለውን ቢፈልግማ መስታወት በየቤቱ አለ። ፎቶ ቤት የሚመጣው በጥሩ ቀን፣ በጥሩ ብርሃን ሊሆን ይችል የነበረውን ሰው ፍለጋ ነው። ታዲያ ይፈረድበታል? እኔስ ብሆን መታወቂያዬ ላይ ያለውን ሰውዬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው ይመስላችኋል?

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ተምሬ አይደለም። በሙያዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይል እፈልጋለሁ። ካሜራው ፍቅር እንጂ እንጀራ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከቤቴ ጎን ያለችውን ክፍል እከፍትና ሰው አነሳለሁ። ክፍሏን ስቱዲዮ ብያታለሁ። ቀድሞ የሽንኩርት ማከማቻ ነበረች፤ መብራቱ ሲሞቅ ዛሬም ድረስ ትሸታለች። እኔ ያነሳሁት ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ ያቀረረ የሚመስለውም በዚሁ ነው። አንዳንድ ጥበብ አዋቂዎች «ሥራህ ስሜት አለው» ብለው ሲያደንቁኝ ዝም እላለሁ።

የዓመት ፈቃዴን ሳገኝ ደግሞ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ከዚያም በላይ ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ እወጣለሁ። ሌላው ሰው ፈቃድ ሲወጣ ወረኢሉ ወይ ደሴ ዘመድ ይጠይቃል፤ እኔ ጭላዳ ዝንጀሮ እጠይቃለሁ። ጓሳው ሣር ላይ በሆዴ ተኝቼ ቀይ ቀበሮ እጠብቃለሁ። ቀይ ቀበሮ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ? ምንም። ግን ያ ምንም እንዴት ያለ ምንም መሰላችሁ! ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ ብሎ ይነሳና ከሰው ቁመት የሚበልጡትን የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹን፣ አንድ ባንድ ይወስዳቸዋል፤ መጀመሪያ የሩቆቹን፣ ከዚያ የቅርቦቹን፣ በመጨረሻ የራሳችሁን ጫማ። የሆነ ቦታ ውሃ ይሰማል፤ የት እንደሆነ አይታወቅም። ያን ጊዜ ስሜንም ደመወዜንም እረሳለሁ፤ ያልወለድኳቸው ልጆች፣ ያልሠራሁት ቤት፣ ያልሄድኩበት አገር ሁሉ ከዚያ ነጭ ነገር ማዶ ተቀምጠው የሚጠብቁኝ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት አንድ ባለጉዳይ ስሙን ሦስት ጊዜ ነግሮኝ አራተኛውን ቢጮህብኝ አይፈረድበትም። እኔ ገና ከተራራው አልወረድኩም።

ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ፣ ጉሙ ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ ሸንተረሩ ከነጅብራው፣ ከነገደሉ ወርቅ ለብሶ ታየኝ፤ አነሳሁት። ወደድኩት። ፍቅር ደግሞ ልክ አያውቅም፤ ደሴ ልኬ ከጣሪያ እስከ ወለል በሚደርስ ባነር አሳተምኩትና የስቱዲዮዬ መጋረጃ አደረግኩት። በከተማችን እስከዚያ ቀን ድረስ የፎቶ ቤት መጋረጃ ወይ ፏፏቴ ነበር፣ ወይ በሕይወታችን ደጁን ረግጠነው የማናውቀው ፎቅ። እኔ የገዛ ተራራችንን ሰቀልኩ። እንዲያውም በልቤ «ይህ ለአገር የተዋለ ውለታ ነው» ብዬ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ እሁድ እትየ ደብሬ ስቱዲዮዬ ብቅ አሉ። እትየ ደብሬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከተማው ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤቷን ያሠራችላቸው አንዲት ልጃቸው ትርንጎ ናት። ትርንጎ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በፓስፖርቷ ሐሊማ ነው የምትባለው፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሄዱት። እናቷ ሲጸልዩ ታዲያ ሁለቱንም ስም ይጠራሉ። «እግዜር እዚያ በየትኛው እንደሚያውቃት እኔ በምን አውቄ» ይላሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ አይተያዩም ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ይተያያሉ። ዳታ በተገኘ ቀን አንዲት ጎረቤታቸው ስልኳን ታውሳቸዋለች፤ ትርንጎም በቪዲዮ ትደውላለች። እትየ ደብሬ ግን ስልክ ጆሮ ላይ ካልተለጠፈ ይሰማል ብለው አያምኑም። ስለዚህ ትርንጎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየችው የእናቷን ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ፣ አስተውላችሁ ከሆነ፣ አያረጅም።

«ልክ እንደሆንኩ አንሳኝ፣ ማሬ» አሉኝ። «ለትርንጎ የሚላክ ነው። ልክ እንደሆንኩ።» ሁለቴ ነው ያሉኝ። ሁለቴ የሚል ሰው በኔ ልምድ ሁለት እጥፍ መዋብ የሚፈልግ ነው፤ «አብሽሩ እትየ፣ ለኔ ተዉት» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በትራቸውን አልለቅም አሉ። ይያዙት አልኩ። ክፍሉ ስለሚሞቅ ማራገቢያ ከፍቼ ነበር፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ አርገበገበው። በአንድ እጃቸው በትር፣ በስተኋላቸው ያ ሁሉ ጅብራ፣ ያ ሁሉ ጉም። ፎቶ አንሺነቴ ጠፍቶኝ ሕልም የማይ መሰለኝ። እሳቸው ደግሞ በሕልሜ ውስጥ አራት ሺህ ሜትር ሽቅብ ወጥተው፣ ነፋሱን ተቋቁመው፣ አገር ምድሩን ቁልቁል የሚያዩ ንግሥት ነበሩ።

እሳቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ማለስለስ ጀመርኩ። ከዓይናቸው ሥር ያለውን መሥመር ሳነሳው የግንባራቸው የሚቀየም መሰለኝ፤ የግንባራቸውን ሳነሳ የአንገታቸው። አድልዎ እንዳይሆን ሁሉንም አነሳሁ። ሃያ ዓመት ያህል ሳልቀንስላቸው አልቀርም። ከሌላ ሰው ፋይል ላይ አንዲት ቁጥር ብሰርዝ እከሰሳለሁ፤ የእትየ ደብሬን ዕድሜ ግን ሰርዤ ሲያበቃ ለራሴ ሻይ አፈላሁ። ፎቶውን በተሰጠኝ ቁጥር ለትርንጎ ላክኩት። ለእናቲቱ ማሳየት ይቅርና ትዝም አላሉኝ፤ ገና ያንን ነጠላ ከነፋሱ ጋር እያየሁ ነበር።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቴ ፊት ለፊት ባለጉዳይ ተሰልፏል። እትየ ደብሬ ተራቸውን ጠብቀው ደረሱ። «ምን ልታዘዝ እትየ?» አልኩ። «ፋይል እንድታወጣልኝ ነው» አሉ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «የልጄን። ለሁለት ዓመት የት እንደ ከተትክብኝ ፈልገህ አውጣልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርንጎ በድምፅ ደውላ ኖሯል፤ በደስታ አፏ እየተሳሰረ። «እማዬ፣ ተራራ ወጣሽ! አብረውኝ ያሉት ልጆች ሁሉ አዩሽ፣ ጉልበቷ ከኛ ይበረታል አሉ እኮ! እኔማ ደክመሽ ይሆናል ብዬ ወሩ ሲያልቅ ልመጣልሽ ነበር። እንዲህ ከሆንሽስ ሁለት ዓመት ልጨምር፤ ማዳሟ ፈርሚ እያለችኝ ነው» አለቻቸው። በትሩ የጉልበት በሽታ መሆኑ ቀርቶ የተራራ መውጫ ሆኗል፤ ማራገቢያው ነፋስ ሆኗል፤ ሽንኩርቱ ያመጣው እንባ ሳይቀር የብርድ ሆኗል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው።

«ታዲያ እትየ፣ ደክሞኛል፣ ነይ ለምን አይሏትም?» ብል ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴት ነሽ ትለኛለች፤ ደህና፣ እግዜር ይመስገን እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ሰው ሰላምታ ላይ ጉልበቴን ይላል? እሷንስ እዚያ እሰው ቤት ሥራ ላይ ሆና ላስለቅሳት? አፌ እሚያፍረውን ፊቴ ይንገርልኝ ብዬ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁ። አንተ ፊቴንም አፉን አስያዝከው።»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው እኮ። የኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ቤት ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ካለ በኋላ ነው እሳቱን የሚያወራው፤ እሱም ሲጠየቅ። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ደግሞ ዳታ እስኪቋረጥ ድረስ ያላት ጊዜ ሰላምታው ላይ ያልቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ «ደህና» ሲባባሉ ኖረው፣ አንዷ እውነቱን ለመናገር ያገኘችው ብቸኛ መንገድ የኔ ካሜራ ነበር። የእኔ ካሜራ! እትየ ደብሬ ቢጮሁብኝ ወይም ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። በትራቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ ለሌላው ባለጉዳይ ተራውን ለቀው ሄዱ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ነበረው። በዚያው ቀን ለትርንጎ ረጅም የድምፅ መልእክት ላክኩ። ተራራው ጨርቅ ነው፣ ነፋሱ ማራገቢያ ነው፣ ፊታቸውን በኮምፒውተር አለስልሼዋለሁ፣ እናትሽ ገበያ ደርሰው ለመመለስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ አልኳት። መልሷ በማግስቱ መጣ። «ወንድሜ፣» አለችኝ በትሕትና፣ «እዚህ ካሉት ልጆች ውስጥ ስንቷ ናት እናትሽ ታማለች ተብላ የሄደች። ስትደርስ እናቷ ድንኳን ጥለው፣ ባል አዘጋጅተው፣ እልል እያሉ ይጠብቋታል። ሰውን ተራራ ላይ ማውጣት የቻልክ ማሳመም ያቅትሃል? እማዬ ናት አይደል እንዲህ በልልኝ ያለችህ?» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና አልፈረድኩባትም። ግን እዩት እንግዲህ ጉዴን፤ ስዋሽ ታመንኩ፣ ስናዘዝ ውሸታም ሆንኩ።

እሁድ እትየ ደብሬን ለምኜ እንደገና አስቀመጥኳቸው። መጋረጃውን አወረድኩ፤ በስተኋላቸው የቀረው የተላጠ ግድግዳ ብቻ ነው። «አሁን ልክ እንደሚደክምዎት ይሁኑ» አልኳቸው። እሺ አሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ እውነትም አሳዘኑኝ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ግን እትየ ደብሬ የሉም፤ በቦታቸው አንድ የክብር ዘብ ተቀምጧል። አንገት ቀጥ፣ ደረት ወደ ፊት፣ ነጠላ የተስተካከለ። «እትየ፣ ትንሽ ይጎንበሱ እንጂ» ብል «ሰው ፊት?» አሉኝ። ካሜራውን ሳወርድ ይደክማሉ፤ ሳነሳው ይበረታሉ። ያን ቀን ካነሳኋቸው ብዙ ፎቶዎች ውስጥ ለፓስፖርት እንጂ ለርኅራኄ የሚሆን አንድም አልወጣም።

ተስፋ ቆርጠን ተቀምጠን ሳለ የተጠቀለለውን መጋረጃ በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው «የት ነው ይኼ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ከዚያ ሸንተረር ሥር ነው የተወለድኩት» አሉ። «ተድሬ ከወረድኩ ወዲህ አላየሁትም። እንግዲህ አንዴ ወጥታለች ተብሏል። ልጄ ፊት ውሸታም ሆኜ ከምሞት አውጣኝና እውነት ይሁን።»

በጣም የሚገርም ሐሳብ ነው። እኛ ውሸቱን ልናስተባብል ስንደክም እሳቸው ሊፈጽሙት ተነሡ። እኔም በበኩሌ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ፤ አልደብቃችሁም። እውነተኛው ተራራ ላይ ሲደርሱ መቼም ይደክማሉ። ያን ጊዜ ክብር ዘቡ አይገኝም። ከበቅሎ ሲወርዱ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ ያኔ አነሳቸዋለሁ፤ ትርንጎም ታያለች። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ጋቢና ተነሥተን መንገዱ እስከሚያደርሰን ደረስን። ከዚያ በኋላ ያለው የጋሽ ሙሄ በቅሎ ነው። ጋሽ ሙሄ ወደ ፓርኩ ስመላለስ ዕቃዬን የሚጭኑልኝ ሰው ናቸው። እትየ ደብሬን ደግፈው ኮርቻው ላይ እያወጡ «አብሽሪ ደብሬ» አሏቸው፣ «ወላሂ፣ በቅሎየ ሰው ጥላ አታውቅም።» ቀጥለው እኔን አዩና «ሲዘንጥ የጣለችው ይኼን ብቻ ነው» አሉ። ያንን ታሪክ ዛሬ አላወራውም።

ወጣን። የኮሶው ዛፍ አለቀና የአስታው ቁጥቋጦ ጀመረ፤ አስታው አጠረ፣ አጠረና ጓሳው ብቻ ቀረ። ጉሙ ወረደብን። የበቅሎዋን ጭራ ተከትዬ ስሄድ ከፊቴ የማየው የእትየ ደብሬን ነጭ ነጠላ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ከጉሙ ጋር ይቀላቀልና በቅሎዋ ባዶዋን የምትሄድ ትመስላለች። ያን ጊዜ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። «እዚህ ጋ ነበር እናቴ ጓሳ እምታጭድ።» ጥቂት እንሄዳለን። ቀጥሎ «እዚህ ጋ ምንጭ ነበር» ይላሉ፤ ጆሮዬን ስጥል እውነትም ውሃ ይሰማል። ስንት ዓመት ተመላልሼ የት እንደሆነ ያላወቅኩትን ውሃ እሳቸው ሳያዩት ጠቆሙት። እኔ ይህንን አገር በካሜራ ነበር የማውቀው፤ ለካ በጆሮም ይታወቃል።

ከላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ጉሙ ከእግራችን ሥር ወርዶ ተኛ፤ ሸንተረሩ ልክ እንደ መጋረጃው ከነጅብራው ብቅ አለ። ጭላዳዎቹም ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። እትየ ደብሬ ከበቅሎ ወረዱ። አሁን! አልኩ በልቤ። ግን ድካማቸው የታለ? አንዲት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር አዞሩ። ትንፋሻቸው የሚያጥረውስ የኔ ነበር። እንደምንም ብዬ አንድ የሚያሳዝን ማዕዘን ፍለጋ ካሜራዬን አቅፌ ወደ ኋላዬ ሄድኩ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ረግረግ ነበር።

አወዳደቄ ቀስ ያለ ነበር፤ የተከበረ ሰው እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጥኩት። ጭቃው ወገቤ ድረስ ተቀበለኝ። እጄ ብቻ ካሜራውን ሽቅብ ይዞ ቀርቷል። አንድ ትልቅ አውራ ጭላዳ መንጨቱን ትቶ ካየኝ በኋላ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ። ያን ጊዜ እትየ ደብሬ ሳቁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሴቶቻችን ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ እሳቸው መሸፈኑንም ረሱት። በትራቸው ወደቀ፣ ነጠላቸው ወደቀ፣ የሌለው ጥርሳቸው ታየ፤ እኔ ሃያ ዓመት ብዬ የሰረዝኩት መሥመር ሁሉ ከግንባር እስከ አንገት ተሰብስቦ መጣና አብሯቸው ሳቀ። ጋሽ ሙሄ «ያረቢ!» ይላሉ። እኔ ከጭቃው ልነሳ ስፍጨረጨር ሽቅብ የያዝኩት ካሜራ ቀጭ አለ። ላነሳ አላልኩም። ጣቴ ነው፤ ጣቴም ፈርቶ ነው።

በካሜራው መስኮት ሳየው ፎቶው ተንጋዷል። ሸንተረሩ ቁልቁል ይፈስሳል፣ የበቅሎዋ ግማሽ ተቆርጧል፣ እትየ ደብሬ መሃል ላይ ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሳሁም። እዚያው ጭቃ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በአካባቢው ሽንኩርት አልነበረም። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ከፋኝ። ለምን ብትሉ ይህ ፎቶ ከሄደ ትርንጎ ሁለት ዓመት አይደለም፣ አራት ዓመት ነው የምትፈርመው። እናት ደህና ናት ብቻ ሳይሆን እናት ሠርግ ላይ ናት የሚል ፎቶ ነው።

«ይኼንን አንልከውም» አልኳቸው ስንወርድ። «ምን አለበት?» አሉ። ነገርኳቸው። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲለቅ አየሁት። «ውሸት አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። የለበትም አልኩ። «ያለሰለስከው አለ?» የለም። «እንግዲያው ላከው። አንዴ ውሸት ልከን ሄደችብን። እውነት ልከን ደግሞ ብትሄድ የራሷ ጉዳይ ነው።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን ተረት ያመጣው ሰው የኛን ተራራ ንጋት ያየ አይመስለኝም። ቢሆንም ላክኩት። መልእክቱ መድረሱን አየሁ፤ መታየቱንም አየሁ። መልስ ግን የለም።

ያን ቀን የለም። በማግስቱም የለም። መሥሪያ ቤት የአንዱን ፋይል ለሌላው ሰጠሁ። ከንግዲህ ሰው አላነሳም፣ ጅብራ ብቻ ነው የማነሳው፣ ጅብራ እናት የለው፣ ልጅ የለው ብዬ ወሰንኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የትርንጎ የድምፅ መልእክት ነው። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር፤ የምትለው ግን ልቅሶ አይመስልም። ቁጣ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምትስቀው?» አለች።

ደግሜ ሰማሁት። «ከማን ጋር ነው እማዬ እንዲህ የምትስቀው? እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ሰምቼም አይቼም አላውቅም። ሳቋ እንደዚህ መሆኑንም ረስቼዋለሁ፤ እንዴት ሰው የእናቱን ሳቅ ይረሳል? እኔ እዚህ የሰው ልጅ ሳስቅ እውላለሁ፣ እዚያ የኔን እናት በቅሎ ያስቃታል! አልፈርምም ብያታለሁ ማዳሟን። እንዳትነግራት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

እንግዲህ እናንተ የሰውን ልብ የምታውቁ ፍረዱ። የእናቷን ድካም ብነግራት ተጠራጠረች፤ ጤናቸውን ባሳያት ሁለት ዓመት ልትጨምር ነበር፤ ሳቃቸውን ስታይ ቀናች፣ ቀንታም ተነሳች። ያዘነች እናት ከሩቅም ትጽናናለች፤ የምትስቅ እናት ግን ካጠገቧ ካልሆኑ ታመልጣለች። ይህንን በየትኛው ሌንስ እንደሚያነሱት የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ለእትየ ደብሬ ምንም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ዜናውን ከልጃቸው ከሰሙ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ነዎት?» ብላቸው «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ብለው አለፉ። የዚያን ቀኑ ደህና ግን አረማመዳቸው ላይ ጭምር ይታይ ነበር።

ኅዳር ገብቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእትየ ደብሬ ጋር መናኸሪያ ሄድን። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ የዘመኔን ፎቶ ላነሳ ነው። ሚኒባሱ አቧራውን አስከትሎ ገባ። ትርንጎ ወረደች፤ ካሜራዬን አየችና ማንነቴን አወቀች። ሰላም ሳትለኝ አንዱን ሻንጣ በቀኜ፣ ሌላውን በግራዬ አስያዘችኝና ሮጠች። ተቃቀፉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መናኸሪያው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፣ ረዳቱ ሳይቀር። እኔ ሁለት ሻንጣ ተሸክሜ፣ ካሜራዬን ሆዴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ።

ቆይታ ቆይታ ትርንጎ እናቷን በክንዷ ልክ አራቀቻቸውና አየቻቸው። ግንባራቸውን በጣቷ ነካች፣ ከዓይናቸው ሥር ነካች፣ አንገታቸውን ነካች፤ እኔ በኮምፒውተር የሄድኩበትን መንገድ አንድም ሳታስቀር ሄደችበት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ሰው፣» አለችኝ እንባዋ እየወረደ፣ «እንዲህ ማርጀቷን እንዴት አትነግረኝም? ፎቶው ላይ ያየሁት መሥመር እኮ የሳቅ መስሎኝ ነበር!»

አፌን ከፈትኩ። የድምፅ መልእክቱን ላስታውሳት ነበር፣ ማራገቢያውን፣ ጨርቁን፣ ገበያ ደርሰው ለመመለስ ሁለቴ ማረፋቸውን። እትየ ደብሬ ቀደሙኝ። ክንዳቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ፤ ያ ካሜራ ባየ ቁጥር ቀጥ የሚለው አንገታቸው መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ እያየ ጎንበስ አለ።

«ተይው ልጁን» አሏት። «እሱ ምን ያድርግ፤ ያረጀሁት እኮ ገና ዛሬ ነው።»